ከጥር 12 በኋላ፦ የነገሌ ቦረናና የደቡብ ቆላማ ከተሞች ወጣቶች በቤተ ክርስቲያን ያላቸው ቦታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ በየከተማው ከፊት የሚታዩት ወጣቶች ናቸው። መንገድ ይጠርጋሉ፤ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ሕዝቡን ያስተናብራሉ፤ እየዘመሩ ያጅባሉ፤ ሌሊቱንም በጥበቃ ያድራሉ። ይህን ሲያደርጉ የሚያያቸው ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያን የነገ ዕጣ አይሠጋም። በዓሉ ጥር 12 ቀን ሲፈጸም ግን ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ወጣቶቹም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ከጥር 13 ጀምሮ እስከሚቀጥለው ከተራ ድረስ ባሉት ቀናት አጥቢያው ለእነዚህ ልጆች ምን ሥራ፣ ምን መቀመጫ፣ ምንስ ኃላፊነት አዘጋጅቷል?

ይህን ጥያቄ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በሻኪሶና በመሰል የደቡብ ቆላማ ከተሞች ካሉ አጥቢያዎች አንጻር እንመለከተዋለን። ጥያቄው በመላው ሀገሪቱ የሚነሣ ቢሆንም በእነዚህ ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል። የሚከብድበትን ምክንያት መረዳት ደግሞ የመፍትሔው መጀመሪያ ነው።

ልጅነት አስቀድሞ የተሰጠ ነው

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ቅብዐ ሜሮን ይቀባሉ፤ በዚያው ዕለት ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላሉ። የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ ማዕተብ ይታሠርላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኑ ከሽማግሌው ያነሰ፣ ሕፃኒቱም ከእመበለቷ ያነሰች የቤተ ክርስቲያን አባል አይደሉም። በአባልነት የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ የሚባል ነገር የለንም።

ስለዚህ «ወጣቶችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣት» ስንል የምንጠቀምበትን ቃል ልንመረምረው ይገባል። የ17 ዓመቱ ልጅ ከ17 ዓመት በፊት መጥቷል። የጐደለው ልጅነቱ ሳይሆን ልጅነቱን የሚያውቅበትና የሚሠራበት ቦታ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የቤቱ ልጅ መሆኑን የሚረዳው ዕለት ዕለት ስለ ልጅነቱ ትምህርት ስለተሰጠው አይደለም። ውኃ ቅዳ፣ በሩን ዝጋ፣ እንግዳውን ተቀበል ተብሎ ሲታዘዝ፣ ስለ ቤቱም ጉዳይ ሲመከር ይረዳዋል። ሥራም ምክክርም የማያገኝ ልጅ በቤቱ እያለ እንግዳ ይሆናል።

ምድሩና ልጆቹ

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማእከል ሆና ያደገች በመሆኗ የሀገሪቱ ታሪክ ደጋግሞ በደጇ አልፏል። በጥር 1928 ዓ.ም. በራስ ደስታ ዳምጠው ይመራ የነበረው ጦር በገናሌ ግንባር ከተሸነፈ በኋላ የግራዚያኒ ሠራዊት ይዟታል። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ የሠፈሩ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውኃ ያነሡት አቤቱታ ለአብዮቱ መቅድም ከሆኑት ክሥተቶች አንዱ ሆኗል።

እንዲህ ባለች ከተማ የሚሰባሰብ ምእመን ምንጩ ብዙ ነው። ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከጉራጌ፣ ከሲዳማና ከወላይታ በውትድርና፣ በመንግሥት ሥራ ወይም በንግድ የመጡ አሉ። ከጉጂና ከቦረና የተወለዱ ኦሮሞ ኦርቶዶክሳውያን አሉ። ከሁለትና ከሦስት ብሔረሰብ የተወለዱ ልጆችም ጥቂቶች አይደሉም። ከሞያሌ እስከ ዶሎ ኦዶ ባሉት ከተሞችም መልኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በደጋው ገጠር የሚያድግ ልጅ «ክርስቲያን ነኝ» ለማለት ልዩ ጥረት አይጠይቀውም። ደብሩ፣ ማኅበሩ፣ ጾሙ፣ የእርሻው ወራት ሁሉ በአንድ ላይ ተሳስረው ያሳድጉታል። በቆላማዎቹ ከተሞች ግን ልጁ በሁለት ጥያቄዎች መካከል ይቆማል። በቤቱና በዐውደ ምሕረቱ ስለ ሃይማኖቱ ሲነገረው ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነሣው ወላጆቹ «አገር ቤት» የሚሉት፣ እርሱ ግን አይቶት የማያውቀው ምድር ነው። በትምህርት ቤትና በመንገድ ደግሞ «ይህ እምነት ከሌላ የመጣ ነው» የሚለውን ይሰማል። አንዱ ወገን ሃይማኖቱን ከማያውቀው ሀገር ጋር ያስርበታል፤ ሌላው ከሚያውቀው ሀገር ይነጥልበታል። ልጁ የሚፈልገው ግን ተወልዶ ባደገበት ከተማ፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ ሳያፍርና ሳይሸሸግ ኦርቶዶክሳዊ ሆኖ መኖር ነው።

ሌላም ችግር አለ። በኦሮሚያ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው፤ በሶማሌ ክልልም ትምህርቱ በሶማሊኛ፣ በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ሥርዓት የተማረ ወጣት አማርኛን በጆሮው ቢያውቀውም ውዳሴ ማርያምን ወይም የመዝሙር መጽሐፍን ገልጦ በግእዝ ፊደል ማንበብ ሊቸግረው ይችላል። እኩዮቹ ሲያነብቡ ዝም ብሎ መቆም ያሳፍረዋል። ሁለት ጊዜ ካፈረ ሦስተኛ አይመጣም። እኛም «ቀዘቀዘ» እንላለን፤ ሃይማኖቱ ግን አልቀዘቀዘም፣ መጽሐፉ ተዘጋበት እንጂ።

ከዚህም በላይ በእነዚህ ከተሞች የወጣቱ ኑሮ ተንቀሳቃሽ ነው። አንዱ ወደ ሻኪሶ አካባቢ ወርቅ ፍለጋ ይወርዳል። ሌላው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ይሻገራል። ሌላዋ ወደ ቡሌ ሆራ ወይም ወደ ቦረና ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። የአጥቢያው የምእመናን መዝገብ ግን በአብዛኛው የሚያውቀው አባወራውንና እማወራዋን ነው፤ ልጁ ከተማውን ሲለቅ መዝገቡ አይነግረንም።

ሐዋርያት ለአቤቱታው የሰጡት መልስ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ በቋንቋ ሁለት ወገን ነበሩ፤ ዕብራይስጥ የሚናገሩና ግሪክኛ የሚናገሩ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው በዕለታዊው ማዕድ እንደተረሱ አጉረመረሙ። አቤቱታው የእህል ጉዳይ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጥያቄ «እኛስ የዚህች ቤት ልጆች ነን ወይ?» የሚል ነበር።

ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጿቸውም፤ ስለ አንድነት ብቻ አስተምረውም አላሰናበቷቸውም። ከመካከላቸው በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ 7 ሰዎችን ሕዝቡ እንዲመርጥ አዝዘው፣ እጃቸውን ጭነው በሥራው ላይ ሾሟቸው። የተመረጡት የሰባቱም ስሞች ግሪካውያን ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ኒቆላዎስ ከአንጾኪያ ወደ ይሁዲነት የገባ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ነበረ። ተረሳን ያለው ወገን የማዕዱ ኃላፊ ሆነ። የዲቁና ማዕርግ ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ቤተ ክርስቲያን «አልታየንም» ለሚሉ ልጆቿ የሰጠችው ጥንታዊ መልስ ሹመትና ኃላፊነት ነው።

ቅዱስ ጢሞቴዎስም በዚሁ መንገድ ይታያል። እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ ነበረ (የሐዋ. 16፥1)። እምነቱን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ተቀብሏል (2ጢሞ. 1፥5)። ዛሬ በነገሌ ወይም በሞያሌ ቢኖር «የየት ልጅ ነህ?» እየተባለ የሚጠየቅ ወጣት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን የትውልድ ሐረጉን አስቆጥሮ አላዘገየውም። የአገልግሎቱ ተካፋይ አደረገው፤ ስለ ወጣትነቱም እንዳይናቅ አሳሰበው፤ በኋላም የኤፌሶንን ቤተ ክርስቲያን አደራ ሰጠው።

ግእዝም በትርጉም የመጣ በረከት ነው

«ይህ እምነት ከሌላ የመጣ ነው» ለሚለው ቃል ወጣቱ መልስ እንዲኖረው የራሳችንን ታሪክ በሚገባ ልናስተምረው ይገባል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የደረሰው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ፤ ሲመጣም ገና ልጅ ነበረ። በቤተ መንግሥት አድጎ ኃላፊነት በተሰጠው ጊዜ በመጀመሪያ ያደረገው ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ቦታ ማዘጋጀት ነበር። በኋላ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን እናከብረዋለን። ከነጋዴዎች ጉባኤ የጀመረችው ቤተ ክርስቲያን ግን የነጋዴዎች ሆና አልቀረችም። ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ሀገሬው ልሳን ወደ ግእዝ ተተረጐሙ፤ ቅዱስ ያሬድም በዚያው ልሳን ዜማውን ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን የሀገሩ ልጅ የሆነችው በልሳኑ ስለጸለየች ነው።

ዘመናት ካለፉ በኋላ ትርጓሜውና ስብከቱ በአማርኛ ተስፋፋ፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ብዙ ቤት ገባ። ወደ ኦሮምኛ የመተርጐም ሥራም ትናንት የተጀመረ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት ደብተራ ዘነብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ በመመለስ ሥራ ተካፍለዋል። እንግዲህ በአፋን ኦሮሞ ማስተማርና መቀደስ ከአባቶች መንገድ መውጣት አይደለም፤ አባቶች በግእዝ ያደረጉትን በዛሬው ልጅ ልሳን መድገም ነው። ግእዙም በዚህ አይጠፋም፤ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ፍቅሩን ካገኘ በኋላ ግእዙን በፍላጎቱ ይማረዋል።

ጉዳዩን ችላ ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ በቅርቡ አይተናል። በጥር 2015 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችን አንድነት በከባድ ፈተና ውስጥ ባለፈበት ወቅት ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ምእመናን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመገልገላቸው ጉዳይ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ በገባው ጾመ ነነዌ በቅዱስ ሲኖዶስ ጥሪ ጥቁር ለብሰው አብያተ ክርስቲያናትን የሞሉት ምእመናን፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያንን የራሳቸው አድርገው እንደሚያዩ በግልጽ አሳይተዋል። የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ግን የተነሣው ጥያቄ በስምምነት ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር የማድረጉ ሥራ ወደ እያንዳንዱ አጥቢያ ወርዷል። ሲኖዶስ ይወስናል፤ ልጁ ወንጌልን በሚሰማው ቋንቋ መስማቱና አለመስማቱ ግን የሚታወቀው በአጥቢያው ዐውደ ምሕረት ላይ ነው።

ወጣቶች አደራ ሲሰጣቸው

ወጣቶች ቤተ ክርስቲያንን በሥራ የደገፉባቸው ምሳሌዎች ሩቅ አይደሉም። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተመሠረተው ሃይማኖተ አበው የተማሪዎች ማኅበር የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪ ከአባቶቹ ሃይማኖት ጋር ሆኖ መማር እንደሚችል አሳይቷል። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተላኩ ጊዜ በዚያ የነበሩ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በጸሎትና በትምህርት ተሰባሰቡ፤ ያ ስብስብ በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ። ብላቴ የሚገኘው በዚሁ በደቡብ ቆላማ ምድር መሆኑን ልብ ይሏል። ከቤተሰብና ከደብር ርቆ በወታደር ካምፕ የተገኘ ወጣት እንዲህ ያለ ፍሬ ካፈራ፣ ደብሩ በደጁ ያለው የነገሌ ወጣት የማያፈራበት ምክንያት የለም።

እኅት ቤተ ክርስቲያን የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ሊቀ ዲያቆናት ሀቢብ ጊርጊስ በ1918 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር የሰንበት ትምህርት ቤቶችን እንቅስቃሴ በሰፊው ባደራጁ ጊዜ ልጆች ሃይማኖታቸውን በሚገባ የሚማሩበት ቦታ አልነበራቸውም። ከዚያ እንቅስቃሴ ከወጡት ወጣቶች አንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት አዘጋጅ ነበሩ፤ በኋላም ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ሆኑ።

ይህ ታሪክ የወጣቱንም አድማስ ያሰፋል። በሞያሌ ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ የደረሰ ወጣት ከኢትዮጵያውያን ደብር ሌላ የእኅት የኮፕት ቤተ ክርስቲያንንም ያገኛል። በጥር 1957 ዓ.ም. የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ መሰብሰባቸውን፣ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመንና ከሕንድ ክርስቲያኖች ጋር በአንድ ሃይማኖት መሆኑን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ተምሮ የሄደ ልጅ በስደት ቢሆን እንኳ ብቻውን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አካባቢና ከአንድ ብሔረሰብ እንደምትሰፋ በዓይኑ ያያል።

ከቱላ ጉድጓዶች የምንማረው

ኮሚሽናችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በውኃ፣ በእህልና በተራድኦ ሥራ ላይ ቆይቷል። ስለዚህ ከውኃ ሥራ አንድ ምሳሌ ብንወስድ አይከፋም። የቦረና ሕዝብ ዘጠኙ ቱላዎች በሚላቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ውኃ የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው። ወጣቶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ በየእርከኑ ተሰልፈው እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ ውኃው ወደ ገንዳው ይደርሳል፤ ከብቱ ይጠጣል። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የቆመ ወጣት «ለዚህ ማኅበረሰብ ምን ነኝ?» ብሎ አይጠይቅም። እርከኑ መልሱ ነው። እርሱ እጁን ቢያነሣ ሰንሰለቱ ይቋረጣልና። በገዳ ሥርዓትም በየ8 ዓመቱ የሚሸጋገሩት እርከኖች ለየዕድሜው የታወቀ ቦታና ግዴታ ይሰጣሉ። ሃይማኖታችን ሌላ ቢሆንም ከጎረቤቶቻችን ይህን ጥበብ ማየት ነውር የለበትም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናብ በተከታታይ ለ5 ወቅቶች በቀረ ጊዜ ከብቱ አለቀ፤ አርብቶ አደሩ ወደ ከተሞች ጠርዝ ተሰደደ። እንዲህ ባለው ጊዜ ቤተሰብ የመመዝገብ፣ እህል የማውረድ፣ ለአረጋውያን ቋንቋ የማስተርጐም ሥራ ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚችለውን የከተማ ወጣት ይጠራል። ይህ ወጣት የተቸገረውን ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ሲያገለግል የቤተ ክርስቲያኒቱን ፊት ለአካባቢው ያሳያል፤ እርሱም ራሱ ያየዋል። በመንገድ «ከሌላ የመጣ» ሲባል የኖረው ልጅ በዚያች ቀን የዚያ ምድር ባለ አደራ ሆኖ ይቆማል።

የልማት ሠራተኞች የሆንን ሁላችን እዚህ ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። በፕሮጀክት ሰነዶቻችን ወጣቱ ብዙ ጊዜ «ተጠቃሚ» ተብሎ ይጻፋል። ተጠቃሚ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል። በአበል የተሰበሰበ የወጣቶች ክበብም አበሉ ሲቆም ይበተናል። ልጅ ግን አያልቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ሐሳቦች ከፕሮጀክት ገንዘብ ይልቅ የአጥቢያውን ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው።

አጥቢያው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው

1. የወጣቶች መዝገብ ይኑር። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 25 የሆኑ የአጥቢያው ልጆች በስማቸው፣ በክርስትና ስማቸው፣ በሚናገሩትና በሚያነብቡት ቋንቋ፣ አሁን ባሉበት ቦታ ይመዝገቡ። ወደ ወርቅ ሥራ የሄደው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው፣ ድንበር የተሻገረው ሁሉ ይጻፍ። መዝገቡን ራሳቸው ወጣቶቹ ይያዙት፤ በየሩብ ዓመቱም ለሰበካ ጉባኤው ይነበብ። በስሙ የማንጠራውን ልጅ መፈለግ አንችልም።

2. በሕግ የተሰጣቸው መቀመጫ ይከበር። በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ በየጊዜው የተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ እንዲሆን ይደነግጋል። መቀመጫው ስላለ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የወጣቶቹ ተወካይ በስብሰባው እንዲጠራ፣ አጀንዳ እንዲያስይዝ፣ ቃሉም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ነው። ወንበር ለመደርደርና ሻይ ለማቅረብ ብቻ የሚጠራ ተወካይ ለሌሎቹ ወጣቶች የሚነግራቸው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

3. ሒሳብ ያለው አንድ ሥራ ይሰጣቸው። ችግኝ ጣቢያ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ የአረጋውያን ጉብኝት፣ የደካማ ተማሪዎች ማስጠኛ ሊሆን ይችላል። ሥራው ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን ዕቅዱ፣ ገንዘቡና ሪፖርቱ በእጃቸው ይሁን። የጥምቀቱ ምንጣፍ በዓመት 3 ቀን የሚሰጣቸውን ክብር እንዲህ ያለው ሥራ በቀሪዎቹ ቀናት ይሰጣቸዋል።

4. ቋንቋው ይከፈት። በሳምንት አንድ የትምህርት ጉባኤ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ውዳሴ ማርያሙና ሌላው ጸሎት በቁቤ ፊደል ተጽፎ ለሚያስፈልገው ይሰጥ፤ ጎን ለጎንም የግእዝ ፊደል ማስተማሪያ ክፍል ይከፈት። ሁለቱን ቋንቋ አጣርተው የሚያውቁ ወጣቶች በሊቃውንት ተቈጣጣሪነት ስብከት ያስተርጕሙ። የሶማሊኛ ተናጋሪ ባለባቸው ከተሞችም እንደ አስፈላጊነቱ እንዲሁ ይደረግ።

5. የአካባቢው ልጆች ለክህነት ይላኩ። ካህን ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣበት አጥቢያ ልጆቹን «ክህነት የሌሎች ነው» ብሎ ያስተምራል፣ በቃል ባይናገረውም። አጥቢያው በዓመት አንድ ልጅ እንኳ መርጦ፣ ስንቁን ችሎ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ወይም ወደ ካህናት ማሠልጠኛ ቢልክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእናቱ ቋንቋ የሚናዝዝ ካህን ያገኛል። ከሩቅ የመጡት አባቶችም ድካማቸው ፍሬ አፍርቶ የሚያዩት በእነዚህ ልጆች ነው።

6. እኅቶቻችን አይረሱ። በብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ዝማሬውን የሚሸከሙት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ በኃላፊነት ቦታ ግን ጥቂት ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ በክንክራኦስ ያለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነችውን ፌቤንን በአደራ መልእክት ወደ ሮም ልኳታል (ሮሜ 16፥1-2)። በገንዘብ ያዥነት፣ በጸሐፊነትና በማስጠኛ ክፍል ኃላፊነት ልትሠራ የምትችል ልጅ እያለች ቦታው ባዶ ሊሆን አይገባም።

7. የንስሐ አባት ይኑራቸው። ብዙ ወጣት የወላጆቹን የንስሐ አባት በስም ብቻ ያውቃል። ካህኑ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ቢያነጋግር፣ ስልክ ቁጥሩን ቢወስድ፣ በፈተና ወራት ቢጠይቀው ልጁ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው አለው ማለት ነው። ወደ ሌላ የሚሄዱ ልጆቻችን በብዛት የሚያነሡት ምክንያት የዶግማ ጥያቄ ሳይሆን «እዚያ በስሜ ጠሩኝ» የሚል ነው።

8. የሚሄደው ልጅ በመሸኛ ይሂድ። ከተማ የሚለቅ ወጣት ከአጥቢያው የመሸኛ ደብዳቤ ይያዝ፤ የሚደርስበት ደብር ወይም ግቢ ጉባኤም አስቀድሞ በስልክ ይነገረው። ከነገሌ ወደ ቡሌ ሆራ የገባች ተማሪ በመጀመሪያው እሑድ የሚቀበላት ሰው ካገኘች ቤተ ክርስቲያን በሁለቱም ከተማ አንዲት እንደሆነች ታምናለች። የቆላማ ከተሞቹ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ቢያድሩ የነገሌው ወጣት የሞያሌውን ያውቃል፤ አንዱ ለሌላው ቤት ይሆናል።

የሚነሡ ሥጋቶች

ይህን ሐሳብ ስናቀርብ ከአባቶችና ከኮሚቴ አባላት የሚነሡ ሥጋቶች አሉ፤ ከንቱም አይደሉም። የመጀመሪያው «ወጣት ችኩል ነው፣ ገንዘብ ይባክናል» የሚለው ነው። መድኃኒቱ ገንዘቡን መከልከል ሳይሆን ሥርዓት ማበጀት ነው፤ ሁለት ፊርማ፣ ደረሰኝ፣ በየወሩ የሚነበብ ሒሳብ። ይህ ለሽማግሌዎቹም ቢሆን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ሁለተኛው «ቋንቋው ቢበዛ ምእመኑ ይከፋፈላል» የሚለው ነው። መከፋፈል የሚመጣው አንዱ ወገን የራሱን ጉባኤ ይዞ ሌላውን ሳያውቅ ሲኖር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በሁለት ቋንቋ ቢሰጥም ቅዳሴው፣ ኮሚቴው፣ በዓሉና ማዕዱ አንድ ይሁን። በበዓለ ሃምሳ ቋንቋው ብዙ ሆነ፤ የተነገረው ግን አንድ ነበረ።

ሦስተኛው «ወጣቶቹ ራሳቸው ኃላፊነት ሲሰጣቸው ይጠፋሉ» የሚለው ነው። የሚጠፉ ይኖራሉ። ከሰባቱ ዲያቆናት የእስጢፋኖስንና የፊልጶስን አገልግሎት በመጽሐፍ በስፋት እናነብባለን፤ ስለ ሌሎቹ የተጻፈው ጥቂት ነው። ሐዋርያት ግን ሁለት ብቻ ይበቃሉ ብለው አልሾሙም። ፊልጶስም በኋላ በምድረ በዳው መንገድ ከኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጋር ተገናኘ፤ የእኛም የክርስትና ታሪክ ከዚያ ሠረገላ ጋር ተያያዘ። ለማዕድ አገልግሎት የተሾመው ሰው የት እንደሚደርስ በሹመቱ ቀን ማንም አላወቀም ነበር።

ማጠቃለያ

የቆላማው ደቡብ ወጣት የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ልጅነቱን የሚሰጠው ኮሚቴ ወይም ፕሮጀክት የለም፤ ከማሕፀነ ዮርዳኖስ ተቀብሎታል። በእኛ እጅ ያለው ይህን ልጅነት የሚኖርበት እርከን መስጠት ነው፦ በመዝገብ ላይ ስም፣ በጉባኤ ላይ መቀመጫ፣ በእጁ ላይ ሥራ፣ በጆሮው የሚገባው ቃል፣ ሲሄድ የሚሸኘው፣ ሲደርስ የሚቀበለው።

የየአጥቢያው ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባው ከእነዚህ ከስምንቱ አንዱን ብቻ መርጦ፣ ኃላፊ ሰይሞ፣ ቀን ቆርጦ በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር ለመጀመሪያው ሩብ ዓመት በቂ ሥራ ነው። በሚመጣው ጥር ምንጣፉ ሲጠቀለል፣ የጠቀለሉት ልጆች በማግስቱ የሚሄዱበት የታወቀ ሥራ በደብሩ ውስጥ ይጠብቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።